«የአያቱ ደም ነው»፦ ጠባይ ሰውን ወንጀለኛ ያደርጋል?

ስልኬ የጮኸው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። እህቴ በዚያ ሰዓት አትደውልም። ወረታ ከተማ ውስጥ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች፤ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ስትውል ደክሟት በጊዜ ነው የምትተኛው። «ምን ሆናችሁ?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና ይህን ጠየቀችኝ፦ «ሰው ወንጀለኛ ሆኖ ይወለዳል እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የ8 ዓመት ልጇ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በኳስ ምክንያት ከክፍል ጓደኛው ጋር ተጣልቶ የልጁን ጥርስ ሰብሯል። በዚያው ወር ሦስተኛ ጠቡ ነው። እህቴ ተጠርታ ስትሄድ አንድ መምህር፣ ልጁ እዚያው ቆሞ እየሰማ፣ «እመቤት፣ ይህ ልጅ በዚህ ከቀጠለ መጨረሻው እስር ቤት ነው» አሏት። እያለቀሰች ቤት ስትገባ ደግሞ አያታችን ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ይደረግ ልጄ፣ የቅድመ አያቱ ደም ነው። ዘር ከልጓም ይስባል» አሏት።

ቅድመ አያታችን በጉብዝናቸው ጊዜ በግጦሽ መሬት ጠብ ሰው ገድለው ጫካ የገቡ፣ ዓመታት ሸፍተው በሽማግሌ እርቅ የተመለሱ ሰው ነበሩ። ይህ ታሪክ በቤታችን ግማሹ በኩራት፣ ግማሹ በሹክሹክታ ይነገራል። ያን ምሽት ግን እህቴን ያስፈራት ታሪኩ አልነበረም። የፈራችው አልጋው ላይ የተኛውን ልጇን ነው።

እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም። የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ እንጀራዬም ማርኬቲንግ ነው። ግን «አይዞሽ፣ ሲያድግ ይተወዋል» ብዬ ስልኩን መዝጋት አልሆነልኝም። ማንበብ ጀመርኩ፣ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቅሁ። እርስዎም ቤት ውስጥ ቁጡ፣ አልታዘዝ ባይ ወይም እጁ ቶሎ የሚነሳ ልጅ ካለ፣ ወይም ልጅነትዎን ሲያስታውሱ «እኔም እንደዚያ ነበርኩ» የሚሉ ከሆነ፣ ያገኘሁትን እነሆ።

ሌባን በመልኩ የማወቅ ምኞት

የእህቴ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የሰው ልጅ ወንጀለኛውን ከወንጀሉ በፊት፣ ቢቻል በፊቱ ብቻ አይቶ ለማወቅ ሁልጊዜ ይመኛል። እኛም አገር «ሌባ ሻይ» የሚባል ነበር። አንድ ልጅ የተዘጋጀ መጠጥ ይጠጣል፣ ጭስ ይታጠናል፤ ራሱን ሲስት ወገቡን በመቀነት ይዘው ይለቁታል። ልጁ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር። ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ። ዛሬ ስንሰማው ይገርመናል።

አውሮፓም ከዚህ ብዙ አልራቀችም ነበር። ቼዛሬ ሎምብሮሶ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ «ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ» አለ። ትልቅ መንጋጋ፣ ወደ ኋላ የሸሸ ግንባር፣ ለየት ያለ ጆሮ ምልክቶቹ ናቸው ብሎ አስተማረ፤ ብዙ ሰውም አመነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ግን ቻርልስ ጎሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ የእስር ቤት ሐኪም ወደ 3,000 የሚጠጉ እስረኞችን ለክቶ ካልታሰሩ ሰዎች ጋር ሲያነጻጽር፣ ሎምብሮሶ ያለው ዓይነት የተለየ «የወንጀለኛ መልክ» አላገኘም።

እናም በመልክ መፍረድ በሳይንስ ዘንድ ከ100 ዓመት በፊት ወድቋል። በመንደራችን ግን «ዓይኑን እዩት፣ ሌባ ይመስላል» የሚለው ዛሬም አለ። ልብ ይበሉ፤ ይህን የምንለው እኛው ነን።

ታዲያ ጠባይ ምንም ድርሻ የለውም?

አለው። እዚህ ላይ ሐቁን መደበቅ አይጠቅመንም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሰውን ጠባይ በአምስት ትልልቅ መለኪያዎች ይከፍሉታል፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ሥርዓትና ኃላፊነት፣ ከሰው ጋር መቀላቀል መውደድ፣ ለሰው ማሰብና መስማማት፣ እንዲሁም ቶሎ መጨነቅና መረበሽ። በብዙ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ከወንጀል ጋር ተያይዘው ደጋግመው የተገኙት በተለይ ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ለሰው ማሰብና መስማማት ዝቅ ሲል ነው፤ ሁለተኛው ሥርዓትና ኃላፊነት ዝቅ ሲል። ሁለቱን አያይዞ የሚያልፍ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱም ራስን መግዛት ነው። የተናደደ ሰው እጁን ከማንሳቱ በፊት ያለችው ያቺ አንዲት ደቂቃ ማለት ነው።

ስለዚህች ደቂቃ ብዙ የምናውቀው ከኒውዚላንድ ነው። ደኒደን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 የተወለዱ 1,037 ሕፃናትን ተመራማሪዎች ከልጅነት እስከ ጉልምስና ተከታትለዋቸዋል። ልጆቹ ከ3 እስከ 11 ዓመታቸው ድረስ ራሳቸውን ምን ያህል እንደሚገዙ ወላጆች፣ መምህራን፣ ተመልካቾችና ልጆቹ ራሳቸው መሰከሩ። 32 ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ የፍርድ ቤት መዝገባቸው ታየ። በልጅነታቸው ራሳቸውን በመግዛት ከመጨረሻው ተርታ ከነበሩት ውስጥ 43 ከመቶው በወንጀል ተፈርዶባቸው ነበር። ከፊተኛው ተርታ ግን 13 ከመቶው ብቻ።

ይህን ቁጥር ያነበብኩላት ቀን እህቴ ዝም አለች። «እንግዲህ መምህሩ ልክ ነው» አለችኝ።

አይደለም። ቁጥሩን ሌላ ጊዜ እናንብበው። ከመጨረሻው ተርታ 43 ከመቶ ከተፈረደባቸው፣ 57 ከመቶው አልተፈረደባቸውም ማለት ነው። በልጅነታቸው ያስቸገሩ፣ ምናልባት «መጨረሻህ እስር ቤት ነው» የተባሉ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን ፍርድ ቤት በተከሳሽነት ቆመው አልተፈረደባቸውም። ከፊተኛው ተርታ የነበሩ ጨዋ ልጆችም ቢሆኑ 13 ከመቶው ተፈርዶባቸዋል።

ይህን በሙያዬ በየቀኑ አየዋለሁ። ደንበኞችን በዕድሜ፣ በገቢ፣ በሰፈር እንከፍላለን። «ይህን የሚገዙ ሰዎች ያንንም ይገዛሉ» ብለን እንገምታለን፤ ግምቱም ለሺህ ሰው ሲሆን ይሠራል። አንዲት እናት ሱቅ ስትገባ ግን ምን ይዛ እንደምትወጣ አላውቅም። ስለ ሺህ ልጆች የተገኘ ቁጥር ስለ እርስዎ ልጅ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ግን መሆን አይችልም። በዚያው ጥናት ውስጥ ደግሞ እህቴን ቀና ያደረጋት አንድ ነገር አለ። ከልጅነት ወደ ወጣትነት ሲያልፉ ራሳቸውን መግዛት የተሻሻሉ ልጆች ኑሯቸውም የተሻለ ሆኗል። ራስን መግዛት እንደ ቁመት አይደለም፤ ይማሩታል።

የሚያልፍ ጉርምስናና የማያልፍ ነገር

የደኒደን ተመራማሪ የሆነችው ቴሪ ሞፊት እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበችው አንድ ሐሳብ ለወላጅ በጣም ይጠቅማል። አጥፊ ልጆች ሁሉ አንድ አይደሉም ትላለች። አብዛኞቹ በአሥራዎቹ ዕድሜ ከጓደኛ ጋር ያጠፋሉ፤ ትልቅ ሰው መባልን ይፈልጋሉ፣ ድንበር ይፈትናሉ፣ ከዚያ ሥራ፣ ትዳርና ኃላፊነት ሲመጣ ይተዋሉ። ጥቂቶቹ ግን ገና በሕፃንነት ይጀምራሉ። መነካከስ፣ ውሸት፣ ስርቆት፣ ጭካኔ፤ ቤትም ትምህርት ቤትም ያው ነው፣ ጉርምስናም ካለፈ በኋላ ይቀጥላል።

ጥቂቶቹ ምን ያህል ጥቂት ናቸው? አሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1945 የተወለዱ 9,945 ወንዶች ልጆች የፖሊስ መዝገብ ሲጠና፣ ከጠቅላላው ጥፋት ግማሽ ያህሉን የፈጸሙት 627 ልጆች ብቻ ሆነው ተገኙ። ይህ ወደ 6 ከመቶ ነው። ስለዚህ ልጅዎ አንድ ጊዜ ሰርቆ ወይም ሁለት ጊዜ ተደባድቦ ቢገኝ ከብዙኃኑ ጋር ነው። መጨነቅ ያለብዎ ቀድሞ ሲጀምር፣ በየቦታው ሲደጋገምና ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ነው።

«ሳይኮፓት» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ

በማኅበራዊ ሚዲያ ይህ ቃል ርካሽ ሆኗል። የቀድሞ ባል ሳይኮፓት ነው፣ አለቃ ሳይኮፓት ነው። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሮበርት ሄር ያዘጋጀው መለኪያ ግን 20 ጥያቄዎች ያሉት፣ ከ0 እስከ 40 ነጥብ የሚሰጥ፣ የሠለጠነ ባለሙያ የሰውየውን መዝገብ አይቶና አነጋግሮ ብቻ የሚሞላው ነው። ርኅራኄ ማጣት፣ ጸጸት አለመሰማት፣ ሰውን ማታለል፣ ግብታዊነት ይመዘኑበታል። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ሰው ሁሉ ወንጀል አይፈጽምም፤ እስር ቤት ካለው ሰው ውስጥም አብዛኛው እንዲህ አይደለም።

መለኪያው የተሠራው ለአዋቂ ነው። በ8 ዓመት ልጅ ላይ ይህን ስም መለጠፍ ባለሙያም አያደርገው። ለሰው ሥቃይ ግድ የሌላቸው የሚመስሉ ጥቂት ልጆች መኖራቸው እውነት ነው፤ እነሱ በዱላ ይብሳሉ እንጂ አይሻሻሉም። የሚረዳቸው ሙቀት ያለው አያያዝና ለመልካም ነገር የሚሰጥ ሽልማት መሆኑን ጥናቶች ያሳያሉ።

ዘር ከልጓም ይስባል?

አሁን ወደ አያታችን ተረት እንመለስ። ዘር ድርሻ አለው፤ የአንድ ሰው ቁጡነት ወይም ድፍረት በከፊል ይወረሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የደኒደን ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት በአንጎል ውስጥ ካሉ ንጥረ ነገሮች ጋር የተያያዘ አንድ ዘረ መል ተመርምሮ ነበር። ውጤቱ ይገርማል፤ ዘረ መሉ ብቻውን ሰውን ጠበኛ አላደረገም። ጠበኝነት በጉልህ የታየው በደካማው የሚሠራው የዘረ መሉ ዓይነት ባላቸውና በልጅነታቸው ክፉኛ በተበደሉት ላይ ነው። በኋላ የመጡ ጥናቶች ሁሉ እኩል ውጤት ባያገኙም፣ ትልቁ መልእክት ቆሟል። ዘር የሚናገረው ከኑሮ ጋር ሆኖ ነው።

ከወረታ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ ቢይዙ ደብረ ታቦር ይደርሳሉ። ይህ መንገድ የአገራችንን ትልቁን የጠባይ ታሪክ ያስታውሰኛል። በ1811 ዓ.ም. አካባቢ በቋራ የተወለደው ካሳ ኃይሉ በልጅነቱ ይማርበት የነበረ ገዳም በጦር ሲጠፋ ከሞት አምልጧል። አድጎ ሸፈተ። በሕግ ዓይን ያኔ ወንበዴ ነው። ደፋር፣ ቁጡ፣ ንቀት የማይችል፣ ሰው የሚከተለው ነበር፤ የዘረፈውን ለገበሬ ያካፍል እንደነበር ይነገራል። ራስ አሊ ሊያሸንፉት ስላልቻሉ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ሽፍታውና ንጉሡ አንድ ሰው ናቸው፤ ጠባዩም አንድ ነው። በጋፋት ባለሙያዎችን ሰብስቦ ሴባስቶፖልን ያሠራው ያው ጉልበት ነው።

ግን ታሪኩ እዚህ አያበቃም። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. አረፉ። ወዳጃቸውና አማካሪያቸው የነበሩት እንግሊዛውያኑ ፕላውዴንና ቤል ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ተገደሉ። ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች የንጉሡ ቁጣ ከዚህ በኋላ ልጓም እንዳጣ ይጽፋሉ። ጎንደር ተቃጠለች። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሱ የገዛ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦርንም አቃጠሉ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን በእጃቸው አጠፉ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው። ተረቱ «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል፤ የቴዎድሮስ ታሪክ ግን ልጓሙ ማን እንደሆነ ያሳየናል። ልጓሙ ሰው ነው። የሚወደንና የምንሰማው ሰው።

ሌላም ነገር አለ። በጌምድርም ሆነ ሌላው ደገኛ አገር ሕግ ሩቅ በነበረበት ዘመን ከብትና መሬት የሚጠበቀው በስም ነበር። «እገሌ ደሙን ይመልሳል» የተባለ ሰው ከብቱ አይነካም። የፎገራ ሜዳ ደግሞ የከብት አገር ነው። ሪቻርድ ኒስቤትና ዶቭ ኮኸን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከብት አርቢዎች በሰፈሩበት በአሜሪካ ደቡብ ያደጉ ተማሪዎች ሲሰደቡ ከሰሜኖቹ ይልቅ ሰውነታቸው ለጠብ እንደሚነሳ በሙከራ አሳይተዋል። የተሰደቡት በአንድ ዓይነት ቃል፣ በአንድ ዓይነት ኮሪደር ነው። ልዩነቱ «ስድብ ከዋጥህ ወንድ አይደለህም» እየተባሉ ማደጋቸው ነው። ቅድመ አያቴ ምናልባት ቁጡ ሰው ነበሩ። ግን «ዝም ካልክ ምን ልትባል ነው?» የሚል መንደርም ከኋላቸው ቆሞ ነበር።

አሁን ራስዎን ይጠይቁ። ልጅዎ ተመትቶ ሲያለቅስ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሉት ምንድን ነው? «አንተስ እጅ የለህም?» ከሆነ፣ ያንን መንደር ሳሎንዎ ውስጥ አስገብተውታል።

ሕጋችን ምን ይላል?

በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ሰው የሚቀጣው በሠራው እንጂ በጠባዩ አይደለም። ጠባይ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 88፣ ዳኛው ቅጣት ሲወስን የወንጀለኛውን አደገኛነት፣ ያለፈ ሕይወቱን፣ ወንጀሉን ለመሥራት ያነሳሳውን ምክንያት፣ የግል ኑሮውንና የትምህርት ደረጃውን እንዲያይ ያዘዋል።

ስለ ልጆች የሚለውን ደግሞ እህቴ ሁለት ጊዜ አስነብባኛለች። በአንቀጽ 52 መሠረት ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ጥፋት ቢፈጽም ተገቢውን እርምጃ የሚወስዱት ቤተሰቡ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም አሳዳሪው ናቸው። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትም በአዋቂ ቅጣት አይቀጡም፣ ከአዋቂ እስረኛ ጋርም አይታሰሩም። የእህቴ ልጅ 8 ዓመቱ ነው። ሕጉ ለእናቱና ለመምህሩ ሥራ ሰጥቷቸዋል፤ ፍርድ መስጠት ግን ሥራቸው አይደለም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል?

በማርኬቲንግ ትምህርት መጀመሪያ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ ስም ማውጣት ነው። አንድ ዕቃ «የርካሽ» የሚል ስም ከወጣለት፣ ጥራቱ ሺህ ጊዜ ቢሻሻል ከሰው አእምሮ ለማውጣት ዓመታት ይፈጃል። ሰውም ያው ነው። የማኅበራዊ ጥናት ሊቁ ሃዋርድ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1963 እንደጻፈው፣ «አጥፊ» የሚል ስም የተለጠፈበት ሰው ሌሎች እንደ አጥፊ ይይዙታል፤ በጊዜ ብዛት እሱም ራሱን በዚያው ስም ያያል።

ልጅ ላይ ሲሆን ይፈጥናል። «ወንበዴው መጣ» የሚባል ልጅ ክፍል ውስጥ እርሳስ ሲጠፋ መጀመሪያ ኪሱ ይፈተሻል። ጨዋ ልጆች ከሱ ጋር እንዳይጫወቱ ይነገራቸዋል፤ የሚቀሩለት እንደሱው የተባሉት ናቸው። ከዚያ «አላልኳችሁም?» እንላለን። አዎ፣ ብለናል። ችግሩም እሱ ነው።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ከንባቤና ከጠየቅኋቸው ባለሙያዎች ያሰባሰብኩት፣ እህቴም የሞከረችው ይህ ነው።

• ድርጊቱን ይንቀፉ፣ ልጁን አይሰይሙ። «አንተ ክፉ ነህ» እና «መምታትህ ክፉ ነው» በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ማንነት ነው፣ መውጫ የለውም። ሁለተኛው ሥራ ነው፣ ነገ ሊቀየር ይችላል።

• ያቺን አንዲት ደቂቃ ያስተምሩ። ሲናደድ እጁን ኪሱ እንዲከት፣ እስከ 10 እንዲቆጥር፣ ወይም ቦታውን ለቆ እንዲሄድ በደህና ጊዜ አብራችሁ ተለማመዱ። እሳቱ ከነደደ በኋላ ትምህርት አይገባም።

• ቅጣቱ ትንሽ ይሁን፣ ግን አይቅር። ዛሬ የታለፈ፣ ነገ በጩኸት የተቀጣ ጥፋት ልጁን የሚያስተምረው የእናቱን ስሜት እንዲያነብ ብቻ ነው። «ከመታህ የዛሬው ኳስ ቀረ» ካሉ ይቅር፤ በማግሥቱ ደግሞ ቂም አይያዙ።

• ዱላን ይተዉ። የሚደበደቡ ልጆች የበለጠ ጠበኛ እንደሚሆኑ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ቤት ከዚያ ሊያንስ አይገባም።

• መልካሙን ሲሠራ ይያዙት። አስቸጋሪ ልጅ ስሙ የሚጠራው ሲያጠፋ ብቻ ነው። እህቴ ሳይጣላ የዋለበትን ቀን ማታ እራት ላይ በስሙ እየጠራች ማመስገን ጀመረች።

• ጉልበቱን ቦታ ይስጡት። ሩጫ፣ ኳስ፣ ቴኳንዶ፣ ከአባት ጋር የሚሠራ ሥራ። ደፋር ልጅ ድፍረቱን የሚያወጣበት ቦታ ካላገኘ ራሱ ይፈልጋል።

• ጊዜው ሲሆን እርዳታ ይጠይቁ። ልጁ እንስሳ ወይም ታናናሾቹን ሆን ብሎ የሚያሠቃይ፣ እሳት የሚለኩስ፣ ደጋግሞ የሚሰርቅ፣ ይህም ወራት ያስቆጠረ ከሆነ፣ ጸበልም ጸሎትም ሳይቀር ባለሙያም ይጨመርበት። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል፣ ጎንደር ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ጤና አገልግሎት አላቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ትንሹ እርቅ

ከዚያ ስልክ ሁለት ሳምንት በኋላ ወረታ ወረድኩ። አባታችን ነገሩን በራሳቸው መንገድ ይዘውት ነበር። እሁድ ጠዋት የልጅ ልጃቸውን ነጭ ልብስ አልብሰው፣ እንቁላል በሳህን አስይዘው፣ ጥርሱ ወደተሰበረው ልጅ ቤት ወሰዱት። እኔም ተከተልኳቸው። የልጁ አባት ፊታቸው አልተፈታም ነበር።

አባታችን ቆመው «እንደ ወላጅ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። እሱም የሚለው አለው» አሉ። ልጁ መሬት መሬት እያየ ብዙ ቆየ። ማንም አልረዳውም። በመጨረሻ «ኳሱን ስለወሰደብኝ ተናደድኩ። መታሁት። ጥርሱ ይወጣል አላልኩም። አጥፍቻለሁ» አለ። ሌላኛው ልጅ አፉን ከፍቶ ክፍተቷን አሳየው፤ «አዲስ እየበቀለ ነው» አለው። ሁለቱም ሳቁ። አባትየው ያኔ «ግቡ፣ ቡና አለ» አሉን።

በመንገድ ስንመለስ አባቴን ስለ ቅድመ አያታችን ጠየቅኋቸው። «ሰው የሚያወራው ስለ ሽፍትነታቸው ነው» አሉኝ። «እኔ የማስታውሰው ግን ከእርቁ በኋላ ያለውን ነው። እስኪሞቱ ድረስ ደም የተቃቡ ሰዎችን ሲያስታርቁ ነው የኖሩት። ደም የነካው ሰው ሲናገር ሰው ይሰማዋል ይሉ ነበር።» ይህን የታሪኩን ግማሽ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እህቴም አልሰማችም። ልጁ ደግሞ ጨርሶ አልሰማም ነበር፤ የተነገረው «የቅድመ አያቱ ደም» የትኛው ደም እንደሆነ ሳይታወቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከአጎቱ ጋር ሩዝ ማሳ ሄደ። ሩዙ አሽቷል፤ ወፍ የሚጠብቅ ያስፈልጋል። ወንጭፉን ይዞ ከዳር እዳር ሲሮጥ፣ ሲጮህ፣ ሲወነጭፍ ከሩቅ አየሁት። ክፍል ውስጥ «አይቀመጥም» የሚባለው ልጅ እዚያ ማሳ ላይ የሚፈለገው ዓይነት ልጅ ነበር። ያ ሜዳ ራሱ ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ለጤፍ የማይሆን፣ ከከብት ግጦሽ በቀር ብዙ የማይጠበቅበት መሬት ነበር። ሩዝ ሲመጣ ግን ያው ውሃ ሲሳይ ሆነ። መሬቱ አልተቀየረም፤ የተገኘው ለውሃው የሚሆን ዘር ነው።

ሁሉም ነገር አለቀ ልልዎ አልችልም። ከዚያ ወዲህ የእህቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ተጣልቷል። በአንደኛው መታ፤ የዚያ ቀን ኳሱ ቀረ። በሁለተኛው ግን እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ እያለቀሰ ቤቱ ገባ። እህቴ ያን ማታ ደወለችልኝ፤ አሁንም ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ። «አልመታም እኮ» አለችኝ።

መምህሩ ስለዚያ ቀን አልሰሙም። ያልተመታ ልጅ ስሞታ አያቀርብም፣ ያልተፈጸመ ጠብም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ስለዚህ እርስዎ ቤት ያለው ልጅ እጁን የመለሰበትን ቀን የሚያየው ከእርስዎ በቀር ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል። ያን ቀን አይለፉት፤ ጠርተው ይንገሩት።